ከአርባ ዘጠኝ የተጀመረ ሰልፍ

ብርነሽ ፊቷን ታጥባ ከጓሮ ስትመለስ ወንድሟ እንየው በጠበሉ በር ላይ የምታድላቸውን የተራ ካርዶች መደቡ ላይ ደርድሮ ይቆጥር ነበር። ካርዶቹን ከብስኩት ካርቶን የቆረጠቻቸው ራሷ ናት፤ ከአንድ እስከ መቶ ሠላሳ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፋ፣ የሰው እርጥብ እጅ እንዳያጠፋቸው እያንዳንዳቸውን በፕላስተር አልብሳቸዋለች። «እጅ ጽሑፍሽ ዛሬም ያው ነው እታለም፤ ሰባትሽ አሁንም አንገቷን ትደፋለች» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ካርዶቹን ሰብስቦ ወደ ጨርቅ ቦርሳዋ ከተታቸውና ማንገቻውን ራሱ ትከሻዋ ላይ አደረገላት። እናታቸው ወይዘሮ ታደለች አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸውን አዩት፤ ከዚያ አፋቸውን ዘግተው የነጠላቸውን ጥለት ማስተካከል ጀመሩ።

እንየው ከአዲስ አበባ የመጣው ትናንት አመሻሽ ላይ፣ አርባ ስምንት ምእመናን የጫነ አውቶቡስ እየመራ ነው። የጉዞ ማኅበር ያስተባብራል፤ ሰዎችን ከገዳም ገዳም ያዞራል። ተጓዦቹ ንፋስ መውጫ አስፋልቱ ዳር ባሉት ሆቴሎች ሲያድሩ እሱ ግን እናቱ «ቤቴ እያለ የምን ሆቴል ነው» ስላሉ እዚህ አደረ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ጭቃው ላይ በተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ መሀል የእንየው የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የብርነሽ ፎቶ የለም፤ እሷ ራሷ አለችና። ለእንግዳው አልጋው ተለቆለት እናትና ልጅ መደቡ ላይ ተጨናንቀው አደሩ። ራት ላይ «ነገ የእኔን ሰዎች አስቀድሚልኝ፤ በአራት ሰዓት ጨርሰን የላሊበላን መንገድ ካልያዝን መንገድ ላይ ይመሽብናል» ብሏት ነበር። «እዚያ ሁሉም በተራው ነው እንየው» አለችው።  ሦስቱም ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ። ኩንታሉ ስንት እንደገባ እንየው ሲሰማ ደነገጠ፤ እናቱ የአዲስ አበባውን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ነገሩ በዚያ የተዘጋ መሰለ።

ወደ ጎሽ ውሃ አቦ ጠበል ባጃጅ በሰው ሠላሳ ብር ነበር፤ ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ ሃምሳ ገብቷል። ብርነሽ ብቻዋን ስትሆን በእግሯ ነው የምትወርደው። ግንቦት ቢሆንም የጋይንት ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ተከናንባ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ ወረደች። መንገድ ላይ ጀሪካን የሚሸጡትን ሴቶች አገኘቻቸው። ትናንት ሠላሳ ብር የነበረችው አምስት ሊትሯ ጀሪካን ስልሳ ገብታለች። «አውቶቡስ መጥቷል አሉ» አሏት፣ ዋጋውን ማስረዳታቸው ነው።

የጠበሉ ግቢ ውስጥ ሰው ከግንብ ሥር ተጠጋግቶ አድሯል። ብርነሽ እያለፈች በዓይኗ ቆጠረቻቸው፤ ስልሳ ሰባት ናቸው። ቁጥሩ የሚያስጨንቃት ስለ ውሃው ነው። በዚህ ወር ምንጩ ይቀጥናል፤ ሌሊቱን ሙሉ እየተንጠባጠበ የሚሞላው ታንከር ለሰማንያ፣ ቢበዛ ለዘጠና ሰው ነው የሚበቃው። ካለቀ በቃ፤ እስከ ማግስቱ የለም። ስለዚህ ሰልፉ መሀል ያለ ሰው ዛሬ ይጠመቅ አይጠመቅ የሚወሰነው ከፊቱ በቆመው ሰው ብዛት ነው።

በሩ አጠገብ፣ እንደ ሰሞኑ ሁሉ፣ መጀመሪያ የተቀመጡት አያ ተክሌ ነበሩ። ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ልዕልት ሃያ ዓመቷ ነው፤ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ የሚጥል በሽታ ይዟታል። የሐኪም ቤቱን ክኒን ሳታቋርጥ ለጠበሉም ሰባት ቀን ተስላ ነው የመጣችው። ዛሬ ሰባተኛው ነው። ስንቃቸው ትናንት አልቋል፤ ከእንግዲህ አንድ ቀን ቢያድሩ የሚበሉት የለም፤ ሰኔም ደርሷል፤ እርሻው አይጠብቅም። «እንዴት አደራችሁ አያ ተክሌ?» አለቻቸው። «ይመስገን ልጄ፤ ዛሬ እንገላገልሻለን» አሉና ፈገግ አሉ።

ብርነሽ ቦርሳዋን ከፍታ የላይኛውን ካርድ አወጣች። አርባ ዘጠኝ ይላል። ተገላብጦ ይሆናል ብላ ከሥር ፈለገች፤ መቶ ሠላሳ። በርከክ ብላ ነጠላዋ ላይ ዘረገፈቻቸውና አንድ በአንድ ለየች። ከአርባ ዘጠኝ በታች አንድም የለም።  የወንድሟ ሳቅ፣ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ ያደረገበት እጅ፣ የእናቷ ተከፍቶ የተዘጋ አፍ በአንድ ጊዜ ታወሷት። ስልሳ ሰባት ሰው ያያታል።

«ምን ጎደለ ልጄ?» አሉ አያ ተክሌ።

«ምንም፣ ምንም አልጎደለም» አለች። ውሸቷን ግን ፊቷ አልሸፈነላትም።

ወዲያው አውቶቡሱ መዝሙሩን በድምፅ ማጉያ ለቆ ደረሰ። ሰዎቹ ቢጫ ካናቴራ ላይ ነጠላ ደርበው፣ ጀሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ወረዱ። እያንዳንዳቸው ጣት መሀል የብርነሽ ካርድ አለ። እንየው አውቶቡስ ውስጥ አድሏቸዋል። በሰልፉ አጠገብ ሳይሆን በሰልፉ ላይ ነው ያለፉት ማለት ይቻላል፤ የተዘረጋ እግር እየተራመዱ፣ «ይቅርታ፣ አንዴ እንለፍ» እያሉ፣ ይቅርታውን ግን ማንን እንደሚሉ ሳያዩ። አንዲት ወጣት ስልኳን ከፍ አድርጋ ግንብ ሥር የተኙትን ሕመምተኞች ትቀርጽ ጀመር፤ አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ጥቁር መነጽር ያደረገ ወፍራም ሰውዬ በልዕልት ጉልበት ላይ ተሻግሮ በሩ ላይ ቆመና ካርዱን ወደ ላይ አነሳ። «አንድ ቁጥር እኔ ነኝ!» አለ፣ ሎተሪ እንደወጣለት።

«እነዚህስ ተሰልፈው የለም እንዴ?» አለች ከኋላው አንዷ።

«እነሱ እኮ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ነገም ይደርሳቸዋል» አላት።

አያ ተክሌ የልጃቸውን እግር ሰብስበው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። «እንግዶች ናቸው፤ ይለፉ። መንገደኛ አይከለከልም» አሉ። እሳቸው ፈቀቅ ሲሉ ከኋላቸው ያለው ፈቀቅ አለ፤ የዚያም ኋላ እንዲሁ። ሰልፉ ማንም ሳይገፋው በገዛ ትሕትናው ወደ ግንቡ ሲያፈገፍግ ብርነሽ አየች። እነዚህ ሰዎች ሲበደሉ አይጮኹም፤ ቦታ ይለቃሉ። ከሁሉ በላይ ያበሳጫት ይሄ ነበር።

እንየውን ከአውቶቡሱ አጠገብ አገኘችው። «ካርዶቼን መልስልኝ» አለችው።

«በኋላ አንድም ሳይጎድል ትቀበያለሽ።»

«አሁን።»

ክንዷን ይዞ ራቅ አደረጋት። «እታለም፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። እህቴ እዚያ ናት ብዬ ነው ያመጣኋቸው። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ናቸው፤ ከመሀላቸው የታመመም አለ። ደግሞም በነጻ አይደለም፤ ለመጠመቂያው ቆርቆሮ ቃል ገብተዋል። አቶ ይበልጣልን ጠይቂ።»

የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አቶ ይበልጣል ራሳቸው መጡ። «ብርነሽ፣ አሳልፊያቸው እንጂ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «የሴቶቹ ጣሪያ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ክረምቱ ደረሰ።» ውሸት አልነበረም። ባለፈው ሐምሌ ሴቶች ራቁታቸውን በረዶ ወርዶባቸዋል፤ ብርነሽም ከመሀላቸው ነበረች። ቆርቆሮው ያስፈልጋል። ግን ታንከሩም ከዚህ በላይ ውሃ የለውም፤ አርባ ስምንት ሰው ከነጀሪካኑ ከገባ ከስልሳ ሰባቱ ሠላሳውም አይደርሰውም። ይህንን አስረዳቻቸው። አቶ ይበልጣል ሰዓታቸውን አዩ። «የቀረው ነገ ይጠመቃል» አሉና ሄዱ።

አጥማቂው የኔታ ቀለመ ወርቅ ውስጥ ነበሩ፤ ባዶ እግራቸውን እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቆመው ጸሎታቸውን እየጨረሱ። ደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የወንድሟንም ሥራ አልደበቀችም። «ምን ላድርግ የኔታ?» አለች። አረጋዊው መስቀላቸውን አሳለሟት። «እኔ የምትልኪልኝን አጠምቃለሁ» አሏት። «እገሌን አስቀድሚ እገሌን አስቀሪ ብል በዚህ ውሃ መፍረዴ ነው። በሩ የተሰጠው ላንቺ ነው ልጄ።» 

ብርነሽ ተመልሳ ወጣች።  ከአያ ተክሌ ጀመረችና ካርድ ማደል ቀጠለች፦ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ አንድ። ግንቡን ይዛ እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ሕፃን ያቀፈችው፣ ዓይነ ስውሩ ዲያቆን፣ ከእስቴ የመጡት ሁለት እህትማማቾች፤ የመጨረሻው ሰው መቶ አሥራ አምስት ደረሰው። ባለ ቢጫ ካናቴራዎቹ ይህንን እያዩ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ፤ እነሱን የምታስቀድም መሰላቸው። አያ ተክሌም አርባ ዘጠኛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዜር ይስጥሽ» አሉ፣ እንደተሰጠ ስጦታ።

ከዚያ ብርነሽ በሩ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ቆመች። «የዛሬ ተራ ከአርባ ዘጠኝ ይጀምራል!» አለች። ድምፁ የራሷ አልመስልሽ አላት። «መቶ አሥራ አምስት ሲያልቅ አንድ ቁጥር ይገባል። አርባ ዘጠኝ!»

 ግቢው ባንድ ጊዜ ተንጫጫ። «ምን ማለት ነው? አንድ ከአርባ ዘጠኝ ይቀድማል፤ ትምህርት ቤት አልገባሽም እንዴ?» አለ ባለ መነጽሩ። «ገብቻለሁ» አለችው። «ካርዱን የጻፍሁትም እኔ ነኝ። አንድ ቁጥርን ለማን ሰጠሁ? ከእኔ እጅ የተቀበለ ካለ ይምጣ።» ሰዎቹ ወደ እንየው ዞሩ። እንየው ምድር ምድሩን አየ።

አያ ተክሌ አልተነሱም። «ጠብ አይሁን ልጄ፤ እኛ እንቆያለን» አሉ። «እስከ መቼ ነው የምትቆዩት አያ ተክሌ? ውሃው እስኪያልቅ?» አለቻቸው። ያን ጊዜ ልዕልት ከአባቷ እጅ ካርዱን ወሰደች። እነዚህን ሰባት ቀናት ብርነሽ ድምፅዋን ሰምታ አታውቅም። «ቁጥሬ ተጠርቷል አባባ» አለችና ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች። ባለ መነጽሩ በሩን በእጁ ደገፈው። አልገፋትም፤ አልለቀቀላትምም። ሕፃን ያቀፈችው ሴት ተነስታ በእሱና በልዕልት መሀል ገባች። ከእስቴ የመጡት እህትማማቾች ተከተሏት። ቅድም ወደ ግንቡ ያፈገፈገው ሰልፍ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ እያለ ቦታውን መልሶ ያዘ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሰውየውን ማንም ሳይነካው ከበሩ አወጣው። ልዕልት ገባች።

እንየው ወደ እህቱ ተጠጋ።  «እናቴን ብቻ ነው ከእንግዲህ የምጠይቅ» አላት ቀስ ብሎ። «እዚህ አገር እህት አለኝ አልልም።»  «ሃምሳ!» ብላ ጠራች። ሃምሳን ስትጠራ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር ሰውየውን አላየችውም።

ፀሐይ ግንቡን እያሞቀች ወጣች። ከቢጫ ለባሾቹ ግማሹ ተቆጥቶ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ መስኮት ዘጋ። ሁለት ሦስቱ ቀረጻቸውን ቀጠሉ፤ «እንዲህ አይነት ግፍ» ሲሉም ተሰሙ። ሌሎቹ ግን፣ ብርነሽ ባልጠበቀችው ሁኔታ፣ ጫማቸውን አውልቀው ከመቶ አሥራ አምስት ኋላ ተቀመጡ። አንዷ ለጎኗ አሮጊት ዳቦ ልትሰጣት አውጥታ፣ ሳይጠመቁ እንደማይበላ ተነግሯት አፍራ መለሰች፤ ሁለቱም ሳቁ። ወሬ ተጀመረ። ከየት መጣችሁ፣ ስንት ቀናችሁ፣ ልጁን ምን ነካው። ከስማዳ እስከዚህ በእግርና በጭነት መኪና ሁለት ቀን መሆኑን የሰማ አንድ ወጣት «እኛ እኮ የዚህ ሰፈር ሰዎች መስላችሁን ነው» አለ።

ሰማንያ አምስት ገብቶ ሳለ አንዲት ቀጭን ሴት ወደ ብርነሽ መጣች። ፀጉሯን በሻሽ አጥብቃ አስራለች፤ የእጇ ጀርባ ላይ የሐኪም ቤት ፕላስተር ተለጥፏል፤ ካርዷ ሦስት ቁጥር ነው። ትዕግስት ትባላለች። «እህቴ፣ እዚያ ጥላው ሥር ብቀመጥ ተራዬ ያልፈኛል?» አለች። ቅድሚያ አልጠየቀችም። ብርነሽ ፊቷን ስታይ እንየው የታመመ አለ ያለው እውነቱን እንደነበረ ገባት፤ ራሷንም ታዘበች። እጇን ይዛ ወደ ሰልፉ ወሰደቻት። «እኚህ ሴት ታመዋል፤ መቆም አልቻሉም። ባለተራዋ ማናት? ይለፉ ትያለሽ?» ሰማንያ ስድስት ሕፃን ያቀፈችው ሴት ነበረች። «ምነው ቀድመው በተናገሩ!» አለች። «ይለፉ እንጂ!» «ይለፉ፣ ይለፉ» የሚለው ቃል ግንቡን ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከእስቴዎቹ አንዷ በርከክ ብላ የትዕግስትን ጫማ ፈታችላት። ትዕግስት አለቀሰች፤ ብርነሽ ፊቷን አዞረች።

መቶ አሥራ አምስት ወጣ። «አንድ!» ተብሎ ሲጠራ ባለ መነጽሩ አውቶቡስ ውስጥ ስለነበር አልመጣም። መሬት ላይ ከተቀመጡት አሥራ አራቱ ገቡ። አሥራ አምስተኛው እግሩን ሲያስገባ ቧንቧው ተፍ ተፍ አለና አየር ብቻ ሆነ። አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ጀሪካኖቹ ባዶ ቀሩ። የኔታ ቀለመ ወርቅ በባልዲ የተረፈችውን ይዘው ወጡና ያልደረሳቸውን በያሉበት ረጯቸው፤ አውቶቡሱ ውስጥም ገብተው ረጩ፤ እምነትም ቀቧቸው። ብርነሽ ያሸነፈች አልመሰላትም። የቀሩት ሠላሳ ሦስት ሰዎችም እንደ ሌላው ሁሉ ጉዳያቸውን ይዘው የመጡ ናቸው። አቶ ይበልጣል በአጠገቧ ሲያልፉ «እሑድ በጉባኤው ስለዚህ ነገር እንነጋገራለን» አሉ። እሺ አለች።

አያ ተክሌ ጓዛቸውን ሸክፈው ሊሰናበቷት መጡ። ግንባሯን ሳሙና «ከክፉ ይሰውርሽ» አሉ። ልዕልት ፀጉሯ ገና እርጥብ ነው። «እንዴት ነሽ?» አለቻት ብርነሽ። «ደክሞኛል» አለች ልጅቷ። «ግን ጨረስሁ።»

ቤት ስትደርስ የእንየው ሻንጣ የለም። እናቷ ጠዋት በነበሩበት አልጋ ጫፍ ላይ ናቸው።

«ሻንጣውን ወስዶ ሄደ» አሉ። ከዚያ «ሲወስዳቸው አይቻለሁ» አሉ። «ካርዶቹን። ወደ ጃኬቱ ኪስ ሲከት እያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

ወይዘሮ ታደለች የገዛ እጃቸውን አዩ። «እሱ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ብናገር ዳግም አይመጣም ብዬ ፈራሁ። አንቺ ግን...» አቋረጡ። «አንቺ የትም አትሄጂብኝም አልሁ።»

ብርነሽ ጠዋት ቦርሳዋን ከፍታ አርባ ዘጠኝን ስታይ እንኳ እንዲህ አልተሰማትም። ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። እናቷ ተነሱ፤ ወገባቸውን ይዘው መጡና ከአጠገቧ ተቀመጡ፤ ሌላ ቢላዋ አንስተው አብረዋት ከተፉ። ይቅርታ አላሉም። ሲከትፉ ግን ክንዳቸው ክንዷን ይነካ ነበር፤ አላራቁትም፤ እሷም አላራቀችም። ምሳቸውን በአንድነት በሉ። ከሰዓት በኋላ ብርነሽ አልጋውን አነጠፈችና ዛሬ እናቷ እንደሚተኙበት ነገረቻቸው፤ መደቡ ለእሷ ብቻ ይበቃታል።

አሥር ሰዓት ገደማ ስልኳ ጠራ። እንየው ነው። አነሳችው። ከወዲያ የሞተር ድምፅና የደከመ መዝሙር ይሰማል።

«እታለም» አለ።

«አቤት።»

«ትዕግስት ተኝታለች። ከአዲስ አበባ ከተነሳን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም ነበር። ሰዉ እንዳይቀሰቅሳት መዝሙሩን ቀንሷል።»

«እግዚአብሔር ይማራት።»

 የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። «ለጥቅምት አቦ ሌላ ጉዞ አለኝ» አለ ድምፁ እንደገና። «ስንት ሰው ላምጣ?»

ብርነሽ አሰበች። «ያኔ በሩ ላይ እኔ ልኑር ሌላ ሰው አላውቅም» አለችው። «ጉባኤው እሑድ ነው። በጥቅምት ግን ውሃው ይሞላል። ሠላሳ ሰው ይችላል፤ በአንድ ሰው አንድ ጀሪካን። ከኋላ ተሰልፈው።»

«ከኋላ?»

«ከኋላ።»

አውቶቡሱ ዳገት መያዙ ከሞተሩ ድምፅ ታወቃት። «እሺ» አለ እንየው። «ሠላሳ ብለሽ ያዢልኝ።»

ስልኩን ስትዘጋ እናቷ አልጋው ላይ ቀና ብለው ያይዋት ነበር። «እሱ ነው? ምን አለሽ?» አሉ፣ እንደሚፈሩ።

«ተራ ያዘ» አለቻቸው።